አስፈሪ አጥቂ ቡድንን በቀላል ዲፌንስ (መከላከል) እንዴት ማሰልቸት ይቻላል

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ጎበዝ አጥቂ ሲገጥማችሁ ብልጣብልጥ መሆን ያምራችኋል። ተዉት። ተጋጣሚ ከራሱ የጎል መስመር 25 ያርድ ላይ ከተነሳ ታችዳውን (ኳሱን እናንተ ጫፍ አድርሶ ነጥብ ማግኘት) ለማግባት 75 ያርድ ይቀረዋል። በየሙከራው አምስት አምስት ያርድ ብትለቁለት እንኳ 15 ጊዜ ሳይሳሳት መጫወት አለበት። መሀል ላይ ኳስ ይሾልካል፣ ቅጣት ይመጣል። እናንተ ያንን መጠበቅ ነው።

አሰላለፉ ቀላል ነው። አራት ሰው ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን) ያሳድድ፣ ሰባት ወደ ኋላ ይቅር፤ ከሰባቱ ሁለቱ ሴፍቲዎች (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ከሁሉም ኋላ ይቁሙ።

ጣጣው ዓይን ላይ ነው። ኮርነርባክ (የዳር ተከላካይ) ካልከለከላችሁት ኳስ ተቀባዩን ብቻ ያያል። እዚህ ግን የሚጠብቀው ቦታ ነው፤ ፊቱ ወደ ኳርተርባኩ መሆን አለበት። ሴፍቲው ደግሞ ይባስ። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጭ የሰጠ መስሎ ሲያታልል፣ ሴፍቲው ሁለት እርምጃ ወደፊት ከተሳበ አለቀ፣ ከጀርባው ማንም የለም። ስለዚህ ኳሱን ትቶ የአጥቂውን መስመር ሰዎች (ኳርተርባኩ ፊት የሚሰለፉትን) እንዲያይ አስለምዱት። በኮሌጅ ሕግ ወደፊት ኳስ ሊወረወር ከሆነ እነሱ ኳሱ ከተነሳበት መስመር ከሦስት ያርድ በላይ ወደፊት መሄድ አይችሉም። ያንን አልፈው ሲሄዱ ካየ ሩጫ ነው፣ ያኔ ወደፊት ይምጣ። እኔ ይህንን ብቻ በየልምምዱ ሃያ ደቂቃ አሠራለሁ፤ ክንድ ላይ የሚታሰር የስልት ካርድ ምናምን አልወድም።

አይዋዎች (የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን) ይህን ዓይነት ጨዋታ ለዓመታት ተክነውበታል። ፊል ፓርከር ከ2012 ጀምሮ ዲፌንሱን ይመራል። በኖቬምበር 2017 ኦሃዮ ስቴትን 55 ለ 24 ሲያሸንፉ፣ ሴፍቲው አማኒ ሁከር የተጋጣሚን የመጀመሪያ ውርወራ ጠልፎ ታችዳውን አገባ። ጆሽ ጃክሰን ብቻውን ሦስት ጠለፈ።

ብሊትዝ (ከአራት በላይ ሰው ኳርተርባኩ ላይ መላክ)? እኔን ያየ ይቀጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማሠለጥናቸው ልጆች በአራት ነጥብ እየመሩ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ፣ ተጋጣሚ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 11 ያርድ ይፈልግ ነበር። ስግብግብነት ያዘኝና ስድስት ሰው ላክሁ። አንዲት አጭር ኳስ መሀል ላይ ተያዘች፣ ልጁ እንደ ፈረስ ጋለበ። ሴፍቲዬ መጥቶ «ኮች፣ ለምን ላክኸኝ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ታክል ማድረግን (ኳስ የያዘውን መጣል) አልዘረዝርም፦ አጭሯን ኳስ ይያዝ፣ እዚያው ይውደቅ።

የመጨረሻው 20 ያርድ ላይ ሜዳው ስለሚያጥር ረጅም ኳስ የለም፣ ሴፍቲዎቹ ጠጋ ይበሉ። ተጋጣሚ ኳሱን በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ ይዞ ቢመለስ ቅር አይበላችሁ። በሩጫ ብቻ ስድስት ስድስት ያርድ ከወሰደባችሁ ግን ግትር አትሁኑ፣ አንዱን ሴፍቲ ወደፊት አምጡ።