ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በሚደረግ ምዘና ላይ ምን ትመልሳላችሁ?

ጭንቅላቱን የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ የግላስጎው ኮማ መለኪያ። ከ3 እስከ 15 ነው፤ 13 እና ከዚያ በላይ "ቀላል"፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ሰውየው ሲለካ ምን ያህል ንቁ እንደነበር ነው። "ቀላል" የተባለው፣ ሲቲ ስካኑም ምንም ያላሳየ ሰው፣ ከወራት በኋላ ሥራ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

የተሃድሶ ባለሙያዎች ኑሮውን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ያጸደቀውን አይሲኤፍ የተባለ ምደባ ነው። አራት ፊደላት አሉት፦ ቢ የሰውነት ተግባር (ትኩረት 140፣ ትውስታ 144)፣ ኤስ የአካል ክፍል፣ ዲ የዕለት ሥራና ተሳትፎ፣ ኢ አካባቢ። ከ1,400 በላይ ርዕሶችን ማንም አይጨርስምና ለዚህ ጉዳት ተለይቶ የወጣ የ23 ርዕስ አጭር ዝርዝርና የ139 ረጅም ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ ርዕስ በፊደልና በቁጥር ይጻፋል፣ ቀጥሎ ነጥብ ይደረጋል፤ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው አሃዝ የችግሩ መጠን ነው፦ 0 የለም፣ 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ፣ 4 ሙሉ በሙሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲ ላይ ነው። ፋይሉ ላይ ዲ570.13 ተጽፎ አያችሁ እንበል። 570 የራስን ጤና መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ አሁን ባለበት ኑሮ የሚያደርገው፣ ሁለተኛው ያለ ማንም እርዳታ የሚችለው ነው። ባለቤቱ ኪኒኑን በየቀኑ ለይታ ታስቀምጣለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትደውላለች፤ ስለዚህ እምብዛም አያመልጠውም፦ 1። ብቻውን ሲሆን ግን መዋጡን ረስቶ ይደግማል፦ 3። "መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳል" ብላችሁ ካቆማችሁ 3ቱ ሳይመዘገብ ይቀራል። የእሷ ልፋትም ኢ310+3 ተብሎ ሊገባ ይገባል፤ 310 የቅርብ ቤተሰብ ነው፣ የመደመር ምልክቱ አጋዥ ማለት ነው፣ 3ቱም እዚህ የችግር ሳይሆን የእገዛው መጠን ነው።

ሰውየውን ብቻ መጠየቅም አይበቃም። የአንጎሉ የፊት ክፍል የተጎዳ ሰው ጉድለቱን ራሱ ላያየው ይችላል፤ "ደህና ነኝ" ሲል እየዋሸ አይደለም። ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ስንት ሰዓት፣ ምን ተረሳ፣ ማን አስታወሰው፣ ከስንት ደቂቃ ሥራ በኋላ ደከመው። "ይረሳል" ከማለት "ማክሰኞ ምድጃውን ሁለቴ ሳያጠፋ ወጣ" ማለት ይሻላል። ድካሙ ከሰዓት በኋላ የሚብስ ከሆነ የጠዋት ፈተና ብቻ አያሳየውም፤ ይህን ለመዛኙ ንገሩ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ አባቱን ላለማሳፈር ያለዝባል፣ ሰውየውም ስለ ቁጣውና ስለ ትዳሩ ልጁ ፊት አይናገርም። ሙያተኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቃላትን ሰምቶ በመድገም የሚሠራ የትውስታ ፈተና በደንብ በማይችለው ቋንቋ ከተሰጠ የሚለካው ቋንቋውን ነው፤ ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠና ሰውየው ስንት ዓመት እንደተማረ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

በአይሲኤፍ ኮድ ከነጥቡ በኋላ 8 ቁጥርን ካያችሁ "ከባድ" ብላችሁ አታንብቡት፣ "ችግር የለም" ማለትም አይደለም፤ በቂ መረጃ አልተገኘም ማለት ነው። ባያችሁት ቦታ ሁሉ ተጨማሪ ቀጠሮ ጠይቁ። እሱን የምትንከባከበው ሴት ሥራ ከጀመረች ወይም ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ ምዘናው እንዲደገም አመልክቱ፤ አንጎሉ ባለበት ቢሆንም የመጀመሪያው አሃዝ ሊለወጥ ይችላል።