ቤታችሁ ያረፈውን የውጭ አገር ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ወደ ሐረር እንዴት ትልኩታላችሁ?

ከአገሩ ወጥቶ እኛ ቤት እየኖረ የሚማር ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያየው የመማሪያ ክፍሉንና የእኛን ማዕድ ነው። አገር የሚያውቀው ቅዳሜና እሁድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ተማሪ የሚቀበሉ ብዙ ቤተሰቦች ግን በእነዚህ ሁለት ቀናት እንግዳውን ወይ ከዓይናቸው አያርቁትም፣ ወይ “በሰላም ግባ” ብለው በሩ ላይ ይሰናበቱታል። ሁለቱም አይበጅም። ልጁ ይሂድ፤ ከእጃችሁ ሲወጣ ግን እዚያ የሚረከበው ሰው ይኑር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አደራ እንዴት እንደምታሰናዱ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሐረር ይሁን። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ልጁ ክፍል ውስጥ የተማረው አማርኛም እዚያ ያግባባዋል። የሚያየው ነገር ደግሞ ከድሬዳዋ ፈጽሞ የተለየ ነው። ድሬዳዋን የቆረቆራት በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው፤ የከዚራ ሰፈር መንገዶች ዛሬም ቀጥ ያሉና ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። ሐረር ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ የምትኖር ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች በተከታታይ ቀናት ያየ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ብዙ ጥያቄ ይዞ ይቀርባል።

ቀን መምረጥ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ አትላኩ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መናኸሪያው በሰው ይሞላል፣ አልጋም ይወደዳል። በረመዳን መሄድ ይቻላል፤ ሆኖም ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ስለማይሠራ ስንቅ ይያዝ፣ መንገድ ላይ በጾመኛ ፊት እንዳይበላና እንዳይጠጣም አስቀድሞ ይነገረው። ከዒድ አልፈጥር በኋላ የስድስት ቀኑ የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበረው ሸዋሊድ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ከገጠመ ግን ሌላውን ዕቅድ ሁሉ ሰርዙና ላኩት። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያን ሌሊት ሐረር የሚያድር ተማሪ ዕድለኛ ነው። አልጋው ብቻ ቀደም ብሎ ይያዝ።

ልጁን ለላከው የትምህርት ተቋም ማሳወቅንና የመንገዱን ሁኔታ ሐሙስ ላይ መጠየቅን አትርሱ።

የሚይዘው

ሹራብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በእኛ ሙቀት የለመደ ልጅ ማታ ይንቀጠቀጣል። ፓስፖርቱ፣ የተዘረዘረ ብር፣ የሞላ ስልክ። ከዚህ ሌላ የእናንተ ስም፣ ሰፈርና ስልክ በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይግባ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት ግን ለማንም ረዳት ወይም ባለ ሱቅ ሊታይ ይችላል። የቀጠሮ ሰዓቶችንም በእኛ አቆጣጠር አብራችሁ ጻፉለት። የእርሱ ስልክ 7 የሚለው የእኛ 1 ሰዓት መሆኑን በቃል ቢያውቀውም ሲጣደፍ ይምታታበታል።

ሌሊቱ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር ተማሪ ሐረር ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጅብ ነው። ጅቦቹ ደግሞ የሚመጡት ከጨለመ በኋላ ነው፤ ምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ይህ ማለት ጅብ አይቶ በዚያው ምሽት ድሬዳዋ መመለስ አይታሰብም። ሚኒባስ የሚጫነው በቀን ነው፤ የደንገጎ ቁልቁለትና ጠመዝማዛም በጨለማ የሚነዳበት መንገድ አይደለም። እኛ ቤት ካረፉት መካከል አንዲት ተማሪ አስጎብኚዋ “ቀላል ነው” ስላላት ከምገባው በኋላ የኮንትራት መኪና ይዛ ተመልሳለች። በእኩለ ሌሊት በሩ እስኪንኳኳ ድረስ እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ልጅቷም ደንገጎን ሲወርዱ ዓይኗን ጨፍና እንደመጣች ነገረችን። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ሐረር የሄደ ሐረር ያድራል፣ ማደር ካልቻለ ጅቡን ለሌላ ጊዜ ያቆያል።

የት ይደር? ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሆቴል አለ፤ መታጠቢያውም አልጋውም ለብዙ ሰው የተመቸ ነው። እኔ ግን ልጁ በጀጎል፣ ማለትም በግንቡ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ቤታቸውን ለእንግዳ ከከፈቱ የሐረሪ ቤተሰቦች ዘንድ እንዲያድር አጥብቄ እመክራለሁ። ሆቴል የሚያድር ሰው ጀጎልን ተመልክቶ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ግን የማለዳውን አዛን ይሰማል፣ የቤቱ እናት ቁርስ ስታሰናዳ ያያል፣ የሚነሳበትንና የሚቀመጥበትን ቦታ ይማራል። ሴት ተማሪ ከሆነች ምርጫው ይበልጥ ግልጽ ነው፤ እናት ያለችበት ቤት ውስጥ ማደሯ ለእናንተም እፎይታ ነው። ዓርብ ሳይመሽ ራሳችሁ ደውላችሁ አነጋግሩ። ዋጋውን፣ ቁርስ መኖሩን፣ የውጪው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ። ከዚያ ልጁን በስልክ አስተዋውቁ። ያቺ የሁለት ደቂቃ ጥሪ ልጁን ከቱሪስትነት አውጥታ የእናንተ እንግዳ ታደርገዋለች፤ እዚያ ያሉት ሰዎችም “የእገሌ ቤት ልጅ” ብለው ይጠብቁታል።

ስለ ጅቡ ደግሞ ቤተሰቡን ማሳመን ያስፈልጋል። ከደጋ የመጣን ሰዎች ጅብ በድምፁ እየተፈራ ያደግንበት አውሬ ስለሆነ፣ አደራ የተሰጠንን ልጅ ወደ ጅብ መላክ እብደት ይመስለናል። የሐረር ሰው ግን ከጅብ ጋር በስምምነት የኖረ ነው። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ መጋቢዎቹም ሥራውን ከአባቶቻቸው የወረሱ፣ እያንዳንዱን ጅብ በስሙ የሚጠሩ ናቸው። ይህን ለእናታችሁ ወይም ለባለቤታችሁ በትዕግሥት አስረዱ። ለልጁ ደግሞ እነዚህን ንገሩት፦ መጋቢው ያስቀመጠው ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ በድንገት አይነሳ፣ አይሩጥ፣ ስጋውን መጋቢው በሰጠው እንጨት እንጂ በራሱ መንገድ አይስጥ። ካልፈለገ ደግሞ ከሩቅ ቆሞ ማየት ይበቃዋል፤ ማንም አያስገድደው።

የምገባው ቦታ ከግንቡ ውጭ ስለሆነ የሚያደርሰው ባጃጅ እዚያው ቆሞ መልሶ እንዲያመጣው በሄደበት ዋጋ ላይ አብሮ ይነጋገር። ለብቻው ሄዶ በጨለማ ባጃጅ መፈለግ የለበትም። የመጋቢውን ክፍያም ከመቀመጡ በፊት ይጠይቅ። ተመልሶ ሲገባ ይደውልላችሁ፤ ከዚያ ተኙ።

ቅዳሜ ጠዋት

ፈቲራና ሻይ በልቶ በ1 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ይድረስ። ሚኒባሱ ሲሞላ ስለሚነሳ ማለዳ ፈጥኖ ይሞላል። መንገድ የሚያዞረው ከሆነ ከፊት ይቀመጥ፣ ሎሚ ይያዝ። ደንገጎ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ የድሬዳዋን ሜዳ እንዲያይ፣ ቀጥሎም የሐረማያን ሐይቅ እንዲጠብቅ ንገሩት። ሐይቁ ከዓመታት በፊት ፈጽሞ ደርቆ የነበረና ውኃው ዳግም የተመለሰ ነው፤ የአካባቢ ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ ከሆነ ለዚህ ብቻ ሌላ ቅዳሜ ሊመደብለት ይገባል።

ቀጥሎ አወዳይ አለ፣ የጫት ገበያ። ስለ ጫት በግልጽ አነጋግሩት፤ ሐረር ውስጥ ከምሳ በኋላ ማንም ሰው በእንግዳ አክባሪነት ይጋብዘዋል፣ በአክብሮት “አመሰግናለሁ፣ አልቅምም” ማለትም ማንንም አያስቀይምም። ከሁሉ በላይ ግን ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ቅጠል እንኳ ሻንጣው ውስጥ እንዳያስገባ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም ብዙ አገሮች ጫት ሕገ ወጥ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ የሚደርስበት ችግር ከባድ ነው።

በጀጎል ውስጥ

መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ይያዝ። ብቻውን መዞርን የሚመርጥ ተማሪ አውቃለሁ፣ ፍላጎቱንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ብትሆንም 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችና መዘከሪያዎች ያሏት ከተማ ናት። የቱ በር የማን እንደሆነ፣ የት ጫማ እንደሚወለቅ፣ የት ሴት እንደማትገባ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። ቅዳሜን ከአስጎብኚ ጋር፣ እሁድ ጠዋትን ብቻውን ይዙር።

ጠዋቱን ለሙዚየሞች ያውለው፤ ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ዝግ ትላለች፣ ብዙ ሰው ቤቱ ይገባል። በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን፣ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ጽሑፍና ዕቃ እየሰበሰቡ ያቋቋሙትን ሙዚየም ያስቀድም፤ ለእኔ ሐረር ውስጥ የሚታይ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ራምቦ ቤት የሚባለው ለፈረንሳዊው ገጣሚ አድናቂዎች ጥሩ ነው፣ ሌላው ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በኩል፣ የስፌት መኪናዎቹን ድምፅ እየሰማ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይውጣ።

ወደ ሐረሪ ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቅ። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ለማን የትኛው እንደሚገባ የቤቱ ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ልጁ ራሱ መርጦ አይቀመጥ፣ “የት ልቀመጥ?” ብሎ ይጠይቅ። ግድግዳውን የሞላው ስፌትና ሳህን የቤቱ ሀብትና ክብር ስለሆነ ሳይፈቀድለት አይንካ። ሰው ፎቶ ማንሳት ደግሞ በፈቃድ ብቻ ነው፤ በተለይ ገበያ ላይ የተቀመጡ ሴቶችን። ካሜራውን ኪሱ ከትቶ መጀመሪያ ሎሚ ይግዛ፣ ሰላም ይበል፣ ከዚያ ይጠይቅ።

እሁድ

ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲ ጠጥቶ፣ የተቆላ የሐረር ቡና ገዝቶ፣ እስከ 7 ሰዓት መናኸሪያ ይገኝ። ባቢሌ ድረስ ወርዶ የዳካታን ድንጋዮች ለማየት የሚገፋፋው ይኖራል። ድንጋዮቹ ድንቅ ናቸው፣ ግን ከሐረር ወደ ጅጅጋ መንገድ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ መመለስ ነው፤ እሁድ ላይ ከተጨመረ ልጁ ደንገጎን በጨለማ ይወርዳል። ለዚያ ሌላ ቅዳሜ አለ።

ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ያደረበት ቤት መደወል ነው፤ እናንተ ሳትሆኑ ልጁ ራሱ፣ በአማርኛ ደውሎ “በሰላም ገብቻለሁ” ይበል። በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ለመያዝ የምትደውሉት ለእነዚያው ሰዎች ነው።