ቁጡ አለቃ ያለበት መጋዘን፦ ዕቃ ጫኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተሳቢው በር ከተከፈተ ጀምሮ ዕቃ የሚያመጣልን ተንቀሳቃሽ ቀበቶ አይቆምም። ካርቶን ይመጣል፤ ታነሳላችሁ፣ ትደረድራላችሁ። ዘወር ስትሉ ሌላ ሦስት ደርሶ ይጠብቃችኋል። ከኋላ ደግሞ ያ ድምፅ አለ። «ቶሎ በል! ምን ትገተራለህ?» መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳውም። እኔም የሌሊት ሺፍት በሠራሁበት ጊዜ ጠግቤዋለሁ። አንዳንዱ ስድብ እስከ ዛሬ አንጀቴ ውስጥ አለ።

አሁን ሳስበው ግን ከስድቡ እኩል የሚያስቆጨኝ የራሴ አያያዝ ነው። ዝም ማለት በነበረብኝ ሰዓት ተናግሬያለሁ። መናገር በነበረብኝ ሰዓት ዝም ብያለሁ። አብረውኝ ይጭኑ የነበሩ ልጆችም እነዚሁኑ ስህተቶች ሲደጋግሙ አይቻለሁ። አለቃ መቀየር በእጃችን አይደለም። እነዚህን ማስወገድ ግን እንችላለን።

ቁጣን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ስህተቶች የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

እያንዳንዱ ተሳቢ የሚወጣበት ሰዓት አለው። አንዱ ከዘገየ ዕቃውን የሚቀበለው ቀጣዩ ማዕከልም ሥራው ይዛባበታል። ሱፐርቫይዘሩ የሚገመገመው በሰዓት ስንት ዕቃ እንዳስጫነ፣ ስንቱ በስህተት ሌላ መኪና ውስጥ እንደገባ፣ መኪናው በሰዓቱ ወጣ ወይስ አልወጣም በሚለው ነው። እሱም በሬዲዮ የሚጮህበት አለቃ አለው። በዚያ ላይ የማሽኑ ጫጫታ አለ፤ ቀስ ብሎ ቢናገር ማንም አይሰማውም። ይሄን ሁሉ የምለው ጩኸቱን ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግን ሸክሙን ያቀላል።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። ጩኸቱን አውጥታችሁ ቃሉን ብቻ ስሙት። «ይሄ ግድግዳ ተንጋዷል፤ አፍርሰህ ሥራው!» ከሚለው ውስጥ ጩኸቱ ሲወጣ የሥራ ትዕዛዝ ይቀራል፤ ግድግዳ የምንለው ተሳቢው ውስጥ የተደረደረውን የካርቶን ክምር ነው። ትዕዛዙን ውሰዱ፤ ድምፁን እዚያው ተዉት። «አንተ ደንቆሮ፣ ከየት ነው ያመጡህ?» ከሚለው ውስጥ ጩኸቱ ሲወጣ የሚቀረው ስድብ ብቻ ነው። በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በአነጋገር ማላገጥ፣ መገፍተር፣ ሰው ላይ ዕቃ መወርወር፣ ሴት ሠራተኞች ላይ ጸያፍ ቃል መናገር የሥራ ቁጥጥር አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው 190ኛው ስምምነት በሥራ ዓለም የሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳን ሲተረጉም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመውንም ይጨምራል። ስለዚህ «እስቲ ይድገመውና» ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ካያችሁት በየቀኑ ትጣላላችሁ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ካያችሁት ደግሞ ቀስ በቀስ ስድብ ትለምዳላችሁ። እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነበር። ከጊዜ በኋላ ሲሰደቡ ቀና ብለው እንኳ የማያዩ ሰዎች አይቻለሁ።

እዚያው ቱግ ብሎ መመለስ

ቀበቶው እየሄደ፣ ሰው እያየ የሚሰጥ መልስ አያዋጣም። የተሰደባችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው «አለቃውን አልታዘዘም» የሚል ይሆናል። በአካባቢው የነበሩትም የሚያስታውሱት የመጨረሻውን ጩኸት ነው፤ እሱ ደግሞ የእናንተ ነው።

በዚያች ሰዓት «ገባኝ፣ አስተካክላለሁ» በቂ ነው። ዕረፍት ላይ ወይም ሺፍቱ ሲያልቅ ለብቻው አግኙት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ትናንት ሦስተኛው በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ደደብ ብለውኛል። ስህተቴን ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። ስድቡን ግን አልቀበልም።» ከዚህ በኋላ ጸጥ በሉ። አንዳንዱ ይቅርታ ይላል። አንዳንዱ ብሶበት ይቆጣል። የትኛውም ቢሆን ግን ከዚያ ወዲያ «እንደከፋው አላወቅኩም» ማለት አይችልም። ለብቻው ማግኘት የሚያስፈራ ዓይነት ሰው ከሆነ፣ ይሄን ደረጃ ዝለሉትና በቀጥታ ከበላዩ ላለው ክፍል አመልክቱ።

በፍርሃት ወገብን መገበር

አንድ ሌሊት ተሳቢው ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ደቂቃ መቁጠር ጀመረ። አንድ ከባድ ካርቶን ከቀበቶው ላይ እጄን ዘርግቼ ሳብኩ። እግሬን ሳላንቀሳቅስ ወገቤን ብቻ ጠምዝዤ፣ ከትከሻዬ በላይ ወዳለው ክፍት ቦታ ገፋሁት። ከሥሩ የነበሩት ቀላል ካርቶኖች ናቸው። ግድግዳው መጀመሪያ ሆዱን ነፋ፤ ከዚያ ተናደ። አንዱ ካርቶን ተሰንጥቆ ፈሳሽ ሳሙና ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። ያንን አንስቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ለመደርደር የፈጀው ጊዜ በጥድፊያ ካተረፍኩት በለጠ። በማግስቱ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ።

በዚህ ሥራ ፈጣን የሚባሉትን ልጆች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። አይሮጡም። ከባዱንና ጠንካራውን ከታች ያደርጋሉ። የላይኛው ካርቶን የታችኞቹን መጋጠሚያ እንዲሸፍን፣ ልክ እንደ ጡብ ሥራ አቆላልፈው ይደረድራሉ። ቀላሉንና በከረጢት የመጣውን ከላይ ላለው ክፍተት ያቆዩታል። ሲዞሩ በእግራቸው ነው የሚዞሩት። ግድግዳቸው አይፈርስም፤ ትርፍ ደቂቃ የሚያገኙትም ከዚያ ነው።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ቁጥር ያዙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለዕቃ ማንሳት ባወጣው ቀመር፣ ሁሉም ነገር ሲመች ጣሪያው 23 ኪሎ ነው። ሲመች ማለት ዕቃው ወደ ሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ ሳይጠማዘዝ፣ መያዣውም ጥሩ ሆኖ ማለት ነው። ዕቃውን የያዘው እጅ ከቁርጭምጭሚት 25 ሴንቲሜትር መራቁ ቀርቶ 50 ሴንቲሜትር ከራቀ፣ ጣሪያው በግማሽ ይወርዳል። በየደቂቃው ደጋግሞ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እጅን ዘርግቶ ከባድ ካርቶን መሳብ ጉብዝና አይደለም።

«ይሄ የሁለት ሰው ዕቃ ነው፤ ሰው ይላኩልኝ» በሉ። ሌላ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብላችሁ በሉት። የሚያፈስ፣ የሚሸት ወይም የአደገኛ ኬሚካል ምልክት ያለበት ዕቃ ተቀዶ ሲመጣም አትንኩት፤ ኃላፊ ጥሩ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የሥራ ደህንነትና ጤና ስምምነት፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከቦታው ዞር ያለ ሠራተኛ ያለ አግባብ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። እናንተ ያላችሁበት አገር ሕግ ይህን እንዴት እንደሚያስፈጽም ችግር ሳይመጣ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።

ሳይገባን «እሺ» ማለት

«እሺ» አፋችን ላይ ቅርብ ናት። አለቃ ሲቆጣ ደግሞ የበለጠ ትቀርባለች። ከዚያ የ14ኛው በር ዕቃ 15ኛው ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጣ ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ይኖረዋል። ትዕዛዙን መልሳችሁ በሉት፦ «ትልልቁ ወደ 14፣ ትንንሹ ወደ 15፣ አይደል?» ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በተለይ ሥራው በሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ ይሄን ልማድ አድርጉት። አንዳንድ ሱፐርቫይዘሮች የሚቆጡት አለመስማታችንን እንደ ንቀት ስለሚቆጥሩት ነው።

በስህተት የጫናችሁትን ዕቃ መደበቅም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። የዕቃውን መለያ የሚያነበው ስካነር መዝግቦታል። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ዕቃው ሳይወጣ ይመለሳል።

ምንም ነገር አለመጻፍ

እኔ አልጻፍኩም ነበር። ቅሬታዬን ይዤ ቢሮ ስገባ «መቼ ነው? ማን ነበር? ምን አለ?» ተባልኩ። «ሁልጊዜ ነው የሚሰድበኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። «ሁልጊዜ» ደግሞ ማንም ሊያጣራው አይችልም።

በዚያው ቀን፣ ትውስታው ትኩስ ሳለ፣ ይህን የመሰለ ነገር ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡20፣ ሰባተኛው በር። ቀበቶው ተጨናንቆ ቆመ። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ‹አንተ እንስሳ› አለኝ፤ ትከሻዬን ገፋ። ሁለት ሰዎች አጠገቤ ነበሩ። መልስ አልሰጠሁም፤ ሥራዬን ቀጠልኩ።» የምስክሮቹን ስም ጨምሩ። ቃሉን እንዳለ አስፍሩት እንጂ «ክፉ»፣ «ጨካኝ» የሚሉ የራሳችሁን ፍርዶች አታስገቡ። ደብተሩ እናንተ ጋ ይሁን፤ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አይሁን። ድምፅ በድብቅ መቅረጽ ግን በአንዳንድ አገር ያስከስሳል፤ ሳታጣሩ አትሞክሩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታነቡት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ቁጣው ሁሌ መኪና መውጫ ሰዓት ላይ ነው? ወይስ እናንተ ላይ ብቻ ነው? የሁለቱ መፍትሔ የተለያየ ነው።

ብሶትን ለጓደኛ ብቻ መናገር

መቆለፊያ ክፍል ውስጥ ስንማረር ሁላችንም ጀግኖች ነን። ቢሮ ስንጠራ ግን አንድ ሰው ብቻውን ይቆማል። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ከሆነ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ቃል ጽፈው አብረው ያስገቡት። የሠራተኛ ማኅበር ካለ መጀመሪያ ወደ ተወካዩ ሂዱ። ከሌለ ወደ ሰው ኃይል ክፍል፣ ወይም ከሱፐርቫይዘሩ በላይ ወዳለው ኃላፊ። ቅሬታው በጽሑፍ ይሁን፤ ግልባጩ እናንተ ጋ ይቅር።

በተቃራኒው፣ ጓደኛን እያሳበቁ አለቃ ጋ መወደድን የሚሞክሩም አሉ። ቁጣው ለጊዜው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፤ ተራው ሲደርሳችሁ ግን የሚመሰክርላችሁ አታገኙም።

ጉዳትን መደበቅ

«ሰነፍ ይለኛል» ብላችሁ የታመመ ትከሻ ይዛችሁ አትጫኑ። የዚያኑ ቀን አስመዝግቡ፤ ማስረጃውንም ተቀበሉ። ከሳምንት በኋላ ስትናገሩ «ቤትህ ነው የተጎዳኸው» ይባላል።

ሳያነቡ መፈረም

የማስጠንቀቂያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሺፍት ሲያልቅ፣ ደክሟችሁ ቤታችሁን ስትናፍቁ ነው። «ፈርምና ሂድ» ሲባል እጅ ይፈጥናል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ፊርማው «ደርሶኛል» ማለት ነው ወይስ «ጥፋቴን አምናለሁ» ማለት ነው? ጠይቁ። የማትስማሙበት ነገር ካለ ከፊርማችሁ አጠገብ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም አስፍሩ። ግልባጭ ሳትይዙ አትውጡ።

በንዴት ጥሎ መውጣት

ጓንትን ቀበቶው ላይ ወርውሮ መውጣት ለአምስት ደቂቃ ያረካል። በመዝገቡ ላይ ግን ሥራ ጥሎ እንደሄደ ሰው ትቆጠራላችሁ፤ ቅሬታችሁም ሰሚ ያጣል። ደሙ ሲፈላባችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ውሃ ጠጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ተመለሱ።

መልቀቅ አይገባም እያልኩ አይደለም። ሞክራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ አመልክታችሁ ካልተለወጠ ልቀቁ። እኔም በመጨረሻ ለቅቄያለሁ፤ አልጸጸትም። ግን በቀዝቃዛ ራስ ይሁን። ሌላ ሥራ ፈልጉ፤ የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜውን ጠብቃችሁ መልቀቃችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። ከመውጣታችሁ በፊት የደሞዝ ወረቀቶቻችሁን፣ የማስጠንቀቂያና የቅሬታ ግልባጮቻችሁን ሰብስቡ። ያልተጠቀማችሁበት የዕረፍት ቀን ካለ ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ። የምስክሮቻችሁን ስልክም ያዙ፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ጉዳዩ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ያኔ እነሱን ፍለጋ በር ላይ መቆም አይኖርባችሁም።