ስለ አገር እውቅና ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቁርስ በሚበሉበት ቤት የወደብ ወሬ አይጠፋም። ኢትዮጵያና ራሷን ከሶማሊያ የለየችው ሶማሌላንድ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የባሕር በርና እውቅናን የሚያነሳ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ ደግሞ «እውቅና» የሚለው ቃል ከወሬው ጋር ተጣብቋል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በነዚህ ቦታዎች ይስታል።

«እውቅና ካላገኘ አገር አይደለም።» እ.ኤ.አ. በ1933 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈረመው የሞንቴቪዴዮ ስምምነት ለአገርነት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት አቅም። እውቅና ከአራቱ ውስጥ የለም። ሶማሌላንድ በ1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ የራሷን ገንዘብ፣ ፓስፖርትና ጦር አቋቁማለች። እውቅና የሚነፍግ መንግሥት ይህ ሳይታየው ቀርቶ አይደለም፤ የሚያስከትለውን ሕጋዊ መብት መቀበል ስለማይፈልግ ነው።

«ቆንስላ ከከፈቱማ አወቋቸው ማለት ነው።» አይደለም። ኢትዮጵያ ሃርጌሳ ላይ ቆንስላ አላት፣ የአየር መንገዳችንም ይበርራል፤ እውቅና ግን በዚህ አይገኝም። ሳይነገር በተግባር ሊሰጥ ቢችልም፣ ሳይታሰብ ሾልኮ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ መንግሥት አስቦበት ሲወስን ነው። የተገላቢጦሹም ያው ነው፦ ከ1998 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ጋር ኤምባሲ ተዘግቶ ነበር፣ ኤርትራ አገር መሆኗን ግን አዲስ አበባ አልካደችም።

ትልቁ ስህተት «የሚነፍጉት ስለሚጠሉ ነው» የሚለው ነው። መጀመሪያ የነፋጊውን ጓዳ ማየት ይሻላል። ስፔን ከሰርቢያ ለተገነጠለችው ኮሶቮ እውቅና ያልሰጠችው ከእሷ ጋር ተጣልታ ሳይሆን የመገንጠል ጥያቄ ያለበትን የራሷን ክልል፣ ካታሎኒያን፣ እያሰበች ነው። ቆጵሮስም እንዲሁ፤ ሰሜኗን ቱርክ ብቻ በአገርነት ታውቀዋለች። የአፍሪካ መንግሥታት ደግሞ በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተረከብነው ድንበር ይከበር ብለው ተስማምተዋል። ታዲያ ኤርትራ በ1993፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 እንዴት አለፉ? አዲስ አበባና ካርቱም እሺ ስላሉ ነው። ሞቃዲሾ እሺ አላለችም። ሌላው ምክንያት ድርድር ነው፦ ግብፅ በ1979 ለእስራኤል እውቅና ሰጥታ የሰላም ውል ስትፈራረም፣ ሲናይ እንዲመለስላት ተስማማች። አንዴ ከሰጡት በኋላ የሚሸጡበት ዕቃ የለም፣ ስለዚህ ብዙዎች ይይዙታል።

«የተባበሩት መንግሥታት አወቀው» ይባላል። ድርጅቱ አባል ይቀበላል እንጂ እውቅና አይሰጥም። ለአባልነት ከ15ቱ የፀጥታው ምክር ቤት አባላት 9 ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከአምስቱ ቋሚዎች አንዱም እምቢ ማለት የለበትም፤ ከዚያ የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ። ስዊዘርላንድ የገባችው በ2002 ነው፤ ከዚያ በፊት አገር አልነበረችም የሚል አልተገኘም። ሁለቱ ኮሪያዎች በ1991 አብረው ገቡ፣ ጃፓን ግን ለሰሜኗ እስካሁን እውቅና አልሰጠችም።

አገርና መንግሥትን ማምታታትም አለ። ታሊባን በ2021 ካቡል ሲገባ ብዙዎች የነፈጉት ለእሱ እንጂ ለአፍጋኒስታን አይደለም።

የመጨረሻው፣ መንፈግን ሁሉ ግፍ አድርጎ ማየት ነው። ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ጠቀለልኩ ስትል እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1938 ተቀበሏት። ሜክሲኮ እምቢ አለች። ከአዳማ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል ታክሲ የሚጋፋ ሰው ይህን ያስታውስ፦ የአደባባዩ ስም የመጣው ከዚያ እምቢታ ነው።