ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ካናዳ፦ አረቄው፣ ግሮሰሪው፣ መኪናው

ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ሲባል የመጨረሻው ሳምንት የሻንጣ ሳምንት ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ቆሎው ይመጣል። አንዱ አጎት ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የሞላ አረቄ ይዞ ከች ይላል። አረቄውን ተቀብለው አመስግነው እዚያው ቤት ይተዉት። ምክንያቱ እነሆ።

በአውሮፕላን ሻንጣ የሚጫን መጠጥ ዓለም አቀፍ ደንብ አለው። የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ግን ለሽያጭ በታሸገበት ጠርሙስ መሆን አለበት። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ጭራሽ አይጫንም። ሃይላንድ ላይ ያለው ጽሑፍ ውሃ ነው የሚለው፤ ውስጡ ያለው አረቄ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚመሰክር የለም። ዳግም አረቄ ከሆነማ ክርክሩ ይብሳል። ጠጅና ጠላ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ መፍላታቸው ካላለቀ ጋዝ ያወጣሉ፣ ክዳኑ ጠብቆ ሲዘጋ ጠርሙሱ ሻንጣ ውስጥ ይፈነዳል። የአገር ቤት መጠጥ መውሰድ ያሰበ ሰው በፋብሪካ የታሸገ፣ መጠኑና የአልኮል መቶኛው የተጻፈበትን ይግዛ።

የካናዳ ጉምሩክ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው፦ 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወይም 1.5 ሊትር ወይን፣ ወይም 8.5 ሊትር ቢራ። ቢራው ባለ 355 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 24 ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ባለ 750 ወይን ልክ 1.5 ሊትር ስለሚሆን ያልፋል፣ ሁለት ባለ 750 ውስኪ ግን ከልኩ ያልፋል። አንድ ውስኪ ከአንድ ወይን ጋር መደመርም አይቻልም። ትርፉ ላይ የሚጣለው የፌዴራልና የክፍለ ሀገር ቀረጥ ከጠርሙሱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሲጠየቁ እውነቱን ተናግሮ ትርፉን መተው ይሻላል። ሳይናገሩ ከተገኘ ይወረሳል፣ ቅጣትም አለው። መጠጡ ከባለቤቱ ጋር መግባት አለበት፤ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የሚገባ ሰው «በኋላ የሚመጣ ዕቃ» ብሎ በሚያስመዘግበው ዝርዝር ውስጥ መጠጥ አይካተትም።

ዕድሜው የሚታየው መጀመሪያ በሚያርፉበት ክፍለ ሀገር ሕግ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ዘመዶቹ ዘንድ ካልጋሪ ቢሄድ አልበርታ 18 ስለሆነ ችግር የለበትም። በቶሮንቶ በኩል ከገባ ግን ጉምሩኩን የሚያልፈው ቶሮንቶ ላይ ነው፤ ኦንታሪዮ ደግሞ 19 ነው፣ ስለዚህ ጠርሙሱ አይገባለትም።

ስለ ጫት በግልጽ እንናገር፤ ወሎ ላይ ከምርቃና ጋር የኖረ ሰው ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ካናዳ ውስጥ ጫት በቁጥጥር ሥር ካሉ ዕፆች አንዱ ነው። ትኩሱንም ሆነ የደረቀውን ማስገባት ወንጀል ነው። «ሻይ ቅጠል ነው» ብሎ የሚሰጥ ወዳጅ ካለ አይቀበሉ፤ ሻንጣው በስምዎ ነው የተመዘገበው። ቋንጣም አይያዙ። በርበሬ፣ ሽሮና ሌላውን የምግብ ዕቃ ሁሉ ያስመዝግቡ። ከ10,000 የካናዳ ዶላር ጀምሮ ያለ ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ ይነገራል፤ መያዙ አይከለከልም፣ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

መታወቂያና የልደት ዘመን

እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ካናዳ ውስጥ በአልበርታ፣ በማኒቶባና በኩቤክ 18፣ በሌሎቹ ሁሉ 19 ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን አጠባበቁ ላይ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ25 ዓመት በታች የሚመስል ሰው መታወቂያ ይጠየቃል። ማኒቶባ ውስጥ ደግሞ በአንዳንድ የመንግሥት መጠጥ መደብሮች በር ላይ፣ ገና ሳይገቡ ነው። ሻጩ «አላምንም» ካለ አይሸጥም፤ መከራከር ዋጋ የለውም፣ ቅጣቱ እሱ ላይ ነውና። አብሮዎት ያለው ታናሽ ወንድም ዕድሜው ያልደረሰ መስሎ ከታየም ለእርስዎ መሸጥ እምቢ ሊሉ ይችላሉ።

የቀበሌ መታወቂያ እዚያ አያገለግልም። ፓስፖርት፣ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ወይም የክፍለ ሀገሩ መንጃ ፈቃድ ይሠራል። የጤና ካርድ በኦንታሪዮ ለዚህ አይሆንም። ፓስፖርት ይዞ መዞር ለመጥፋት ማጋለጥ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው 35 ዶላር ከፍሎ የኦንታሪዮ ፎቶ ካርድ ያውጣ።

ከመነሳትዎ በፊት ግን የፓስፖርቱን የልደት ዘመን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ ላይ 1998 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰፈረ ሰባት ስምንት ዓመት ባንድ ጊዜ አረጀ ማለት ነው። ይህን ከአገር ሳይወጡ ማስተካከል ይቀላል። ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤቱም፣ ጡረታውም፣ ኢንሹራንሱም በዚያው ስህተት ላይ ይገነባል።

ግሮሰሪ ማለት እዚያ ሌላ ነው

ፒያሳ ላይ «ግሮሰሪ እንግባ» ሲባል ቁጭ ብሎ ቢራ መጠጣት ነው። ካናዳ ግሮሰሪ ገብቶ የሚገኘው ድንችና ወተት ነው። መጠጥ የሚሸጥበት ቢሆን እንኳ ታሽጎ ይገዛል፣ ታሽጎ ይወጣል። በር ላይ ሳጥን ገልብጦ መክፈት፣ መንገድ ዳር ወይም መኪና ውስጥ መጠጣት ያስቀጣል። ቶሮንቶን የመሳሰሉ ከተሞች በተወሰኑ ፓርኮች ይፈቅዳሉ፤ ፓርኩ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነው።

ሕጉ የአገሪቱ ሳይሆን የየክፍለ ሀገሩ ነው። ስለዚህ ኤድመንተን ያለች እህት የነገረችው ቶሮንቶ ላይ አይሠራም።

ኦንታሪዮ፦ ውስኪ፣ ቮድካና መሰል ጠንካራ መጠጥ ኤልሲቢኦ በሚባለው የመንግሥት መደብር ይገዛል። ቢራ፣ ወይን፣ ሳይደርና የተቀላቀለ የቆርቆሮ መጠጥ ከ2024 መስከረም ወር (በፈረንጅ) ጀምሮ ፈቃድ ባላቸው የሰፈር ሱቆችም ይሸጣል፤ ቢር ስቶር የሚባለው የቢራ መደብርም አለ። የሰፈር ሱቅ መሸጥ የሚችለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በር ላይ የሚያዩት ጽሑፍ ከ7 እስከ 11 ይላል። «እስከ 11 ክፍት ነው» ሲባል አመሻሽ 11 ሰዓት መስሏቸው የሚጣደፉ አሉ፤ የአልኮሉ ሰዓት ሲገርም የሥራ ቀጠሮውም በዚሁ ስህተት ይበላሻል።

ኩቤክ፦ ቢራና የተወሰነ ወይን በምግብ መደብርና ዴፓነር በሚባሉት የሰፈር ሱቆች እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፤ ጠንካራው በመንግሥቱ ኤስኤኪው ብቻ።

አልበርታ፦ ከ1993 (በፈረንጅ) ወዲህ መደብሮቹ የግል ናቸው። በሕግ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መሸጥ ይችላሉ፤ ዋጋውም ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ዞር ዞር ማለት ያዋጣል።

በዓል ሲመጣ ልብ ይበሉ። በእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ሱቁ ሁሉ እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ዓዘቦት የሚመስልዎት ታኅሣሥ 16 የእነሱ ገና ነው፤ ያን ዕለት የመንግሥት መደብሮች ይዘጋሉ።

ዋጋው ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። ከኤልሲቢኦ በቀር አብዛኛው ሱቅ መደርደሪያው ላይ የሚጽፈው ግብር ያልገባበትን ዋጋ ነው፤ ኦንታሪዮ 13 በመቶ፣ አልበርታ 5 በመቶ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የባዶ ጠርሙስ መያዣ ነው። ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢራ ስንገዛ ባዶውን ሳጥን ይዘን እንሄድ የለ? ኦንታሪዮ ላይ በትንሹ ዕቃ 10፣ በትልቁ 20 ሳንቲም ይይዛሉ፣ ባዶውን ቢር ስቶር ሲመልሱ ይከፍላሉ። ቆራሌ ስለማይመጣ ራስ ተሸክሞ መሄድ ነው።

መለኪያውንም ይወቁት። ካናዳ «አንድ መጠጥ» የምትለው 341 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ፣ 142 ሚሊ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን፣ ወይም 43 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ ነው። ረጅሙ ቆርቆሮ 473 ሚሊ ሊትር ስለሆነ «አንድ ቢራ ነው የጠጣሁት» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። ለማይጠጣ ሰው ደግሞ፦ «ከአልኮል ነጻ» የተባለ ቢራ እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል። ጭራሹኑ የማይፈልግ ሰው 0.0 የተጻፈበትን ይፈልግ። ለኬክ የሚጨመረው የቫኒላ ጠብታም አልኮል ያለበት ዓይነት አለ፤ ጠርሙሱን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ጠጁ ይቻላል፣ አረቄው አይቻልም

ለቤትና ለእንግዳ የሚሆን ጠላና ጠጅ መጥመቅ ካናዳ ውስጥ ይቻላል። መሸጥ አይቻልም። አረቄ ማውጣት ግን ለራስ እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ለዚያ ብሎ ማውጫውን ዕቃ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ነገሩ ከመጠጡ ኃይል ይልቅ ከቀረጡ ጋር የተያያዘ ነው።

ለጠጅ በ1 ኪሎ ማር ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ይበጠብጡ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለው አፍልተው ያቀዝቅዙት። ሁለት እፍኝ ያህል የጌሾ እንጨት ይጨምሩ፤ ጌሾ ቶሮንቶ ውስጥ በዳንፎርዝ መንገድ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ይገኛል። እዚያ አልፈላ ብሎ የሚያስቸግረው በሁለት ምክንያት ነው። የሱቅ ማር ብዙ ጊዜ ሞቆ የተጣራ ስለሆነ የራሱ እርሾ የለውም፤ ያልሞቀ ማር መግዛት ወይም ትንሽ የወይን እርሾ መጨመር ያስነሳዋል። ሁለተኛው ብርድ ነው፤ መስኮት ሥር ወለል ላይ የተቀመጠ ዕቃ በክረምት ይተኛል። ከወለል አንስተው 20 ዲግሪ ገደማ ያለበት ቦታ ያድርጉት። በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ጌሾውን ያውጡ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ላይ ይጠልላል። አየር ካገኘ ይኮመጥጣል፣ እንዳይተነፍስ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋም ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጋዝ የሚያስወጣ አየር የማያስገባ ክዳን ይግዙ። በየቤት ውስጥ ጠመቃ መደብሩ አለ።

ጠላ የሚያስቸግረው በእንስራው ነው። በወይራ ማጠን አፓርታማ ውስጥ የሕንፃውን የእሳት ማንቂያ ያስጮኻል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ደረጃ ላይ ይሰለፋል። ባትሪውን መንቀልም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ጢሱን ትቶ ገብሱን በኦቨን ጠቆር አድርጎ መቁላት ጣዕሙን በከፊል ይመልሰዋል፤ የጢሱን መዓዛ ያህል ግን አይሆንም። ቡና ሲፈላም ዕጣኑን ከማንቂያው አርቆ መስኮት ከፍቶ ነው።

ጽዋ ማኅበር ወይም ልደት በቤት ውስጥ ከሆነና ገንዘብ ካልተቀበሉ ፈቃድ አያስፈልግም። አዳራሽ ተከራይቶ መጠጥ ማቅረብ ግን በኦንታሪዮ የልዩ ዝግጅት ፈቃድ ይጠይቃል። በር ላይ «ለመጠጥ መዋጮ» እየተባለ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሕጉ ዘንድ ሽያጭ ነው፤ ስሙን መቀየር አያድንም። ማመልከቻውን ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አዳራሹን በያዙ ማግስት ያስገቡ።

መኪና

ቀልድ የሌለበት ክፍል ይህ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ይዞ ማሽከርከር በመላ ካናዳ ወንጀል ነው። ኦንታሪዮ ከ50 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ታግዳለች። አዲስ ለገባ ሰው ግን ልኩ ዜሮ ነው። ለምን ቢሉ፣ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ኦንታሪዮ ላይ በቀላሉ ይለውጣል፤ የእኛው ግን አይለወጥም። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ይነዱበታል፣ ከዚያ በኋላ ፈተና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች፣ ጂ1 እና ጂ2፣ ላይ ያለ ሹፌር አንዲት ጠብታ አይፈቀድለትም፤ ደሴ ኮምቦልቻን ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር እንኳ ቢሆን። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት መንጃ ፈቃዱን ካወጡበት መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንደያዙት የሚገልጽ ደብዳቤ አውጥተው ያስተርጉሙ፤ በፈተናዎቹ መካከል የሚጠበቀውን ጊዜ ያሳጥራል።

ከ2018 ታኅሣሥ (በፈረንጅ) ወዲህ ፖሊስ በሕግ ያስቆመውን ማንኛውንም ሹፌር፣ ጥርጣሬ ባይኖረውም፣ መሣሪያውን ይዞ ከሆነ «ንፋ» ማለት ይችላል። እምቢታው ራሱ ወንጀል ነው። በዚያው ወር ከፍተኛው ቅጣት ከ5 ወደ 10 ዓመት ስላደገ ጥፋቱ በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ከሚባለው ገብቷል። ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪ በአንድ ምሽት ስካር መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል፤ እስር ባይፈረድበትም እንኳ።

የተገዛ መጠጥ ሲጭኑ እሽጉ እንዳለ ይሁን። የተከፈተ ጠርሙስ ቢኖር ሻንጣ ዘግቶ ከኋላ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ። ከጥር እስከ የካቲት ግን መኪናው ውስጥ አሳድረው አይተዉት፤ ቢራ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ላይ መቀዝቀዝ አልፎ ይረጋል፣ ቆርቆሮው ይተረተራል፣ ጠዋት ምንጣፉን የሚያጥበው ባለቤቱ ነው።