ሳምፕ ፓምፑን ራሴ ስቀይር

መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር ቤዝመንት ውስጥ ባለው ክፍል ነበር የምትተኛው። አንድ ቀን ጠዋት ቡና እያፈላች «ልጄ፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ነገር ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ» አለችኝ። ማሞቂያው መሰለኝ። ወርጄ ሳየው ሳምፕ ፓምፑ ነው። በርቷል፣ ያጉረመርማል፣ ውሃው ግን ከጉድጓዱ ንቅንቅ አይልም።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የግቢያችን አፈር ሸክላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይሰርግም። ዝናብ በጣለ ቁጥር የቤቱን መሠረት ተጠግቶ ይቆማል። ለዚህ ነው ከወለሉ ሥር ውሃ የሚሰበስብ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ያለን። ጉድጓዱ ሲሞላ ፓምፑ ራሱ ተነስቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ወንድሜ አዲስ አበባ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ይህን ስነግረው ሳቁን ማቆም አቃተው። «እኛ ውሃ ሮቶ ላይ ለማውጣት ፓምፕ እንገዛለን። እናንተ ከቤት ለማስወጣት ትገዛላችሁ?» ይሳቅ። እኔ ቤዝመንት ውስጥ ምጣዱ አለ፣ አራት ከረጢት የጤፍ ዱቄት አለ፣ አሁን ደግሞ እማዬ አለች። በ2021 ሴፕቴምበር 1 የአይዳ ማዕበል ቅሪት እዚህ ሲደርስ፣ አጠገባችን ሮክቪል ውስጥ ከመሬት በታች ያሉ አፓርታማዎች ውሃ ገብቶባቸው አንድ ወጣት ሞቷል። በዚያው ሌሊት ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ 11 ሰዎች ቤዝመንት ውስጥ ሞቱ። ሰው የሚተኛበት ቤዝመንት ያለው ሰው ይህን ፓምፕ እንደ ዕቃ ብቻ ሊያየው አይችልም።

መጀመሪያ አንድ ድርጅት ጠራሁ። ሰውየው በባትሪ አየት አደረገና 1,400 ዶላር የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ ጨምሮ አልሞከረውም። በጣም ተናደድኩ። ራሴ የቀየርኩት በእልህ ነው ማለት ይቻላል።

እናንተ ግን ከመቀየራችሁ በፊት በሽታውን ለዩ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ቀስ እያላችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሱ። ውሃው ከፍ ሲል ፍሎት የሚባለው ተንሳፋፊ አብሮ ተነስቶ ፓምፑን ማብራት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ወደ ፓምፑ አትሂዱ፤ ወደ ሶኬቱ ሂዱ። ውሃ አካባቢ የሚገጠሙት ሁለት ትንንሽ ቁልፍ ያላቸው ሶኬቶች ትንሽ ነገር ሲያዩ ይዘጋሉ። ሪሴት የሚለውን ተጫኑት። ብሬከሩንም እዩ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ስፒናውን ተመልከቱ። ብዙ ፓምፖች ስፒና በስፒና ላይ ተደራርቦ ነው የሚሰካላቸው፤ አንዱ የፍሎቱ፣ አንዱ የፓምፑ። የፓምፑን ብቻ ነቅላችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከሠራ የሞተው ፍሎቱ ነው፤ ለብቻው ይገዛል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

እየበራ ውሃ ካልገፋ ሌላ ነገር ነው። ጠጠር ይዞት ይሆናል፣ ከላይ ያለው ቫልቭ ተጣብቆ ይሆናል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ የውጭው ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ይሆናል። ዝናብ ሳይኖር በየደቂቃው የሚነሳ ከሆነ ቼክ ቫልቩን፣ ማለትም ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን ያንኑ ቫልቭ፣ ጠርጥሩ፤ የተገፋው ውሃ ተመልሶ እየወረደ ነው። የእኔ ፓምፕ ግን በቃው። ገልብጬ ከሥሩ ስፈታው ውሃውን የሚወረውረው ትንሽ መዘውር ግማሹ ተሰብሯል። ሰውነቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 2009 ይላል። እንዲህ ዓይነት ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ከተጠበቀው በላይ ሠርቷል፣ አልወቅሰውም።

ግዢው ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ትልቁን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ለክቼ ነው የሄድኩት። ዝናብ በሚጥልበት ማታ ፓምፑን ነቅዬ ጉድጓዱ ውስጥ ማስመሪያ አቆምኩና ውሃው በአንድ ደቂቃ ስንት እንደሚነሳ አየሁ። 6 ኢንች። የጉድጓዴ አፍ ስፋት 18 ኢንች ስለሆነ እያንዳንዱ ኢንች 1.1 ጋሎን ይይዛል። ስለዚህ በደቂቃ ወደ 7 ጋሎን፣ በሰዓት 400 ገደማ ይገባል ማለት ነው። የገዛሁት ባለ አንድ ሦስተኛ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ ውሃውን 10 ጫማ ወደ ላይ እያወጣ እንኳ በሰዓት 2,000 ጋሎን ያህል ይገፋል። ከበቂ በላይ ነው። ከሚገባው በላይ ትልቅ የሆነ ፓምፕ ጉድጓዱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ሞተር የሚጎዳው በመነሳቱ ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጥር ስታነቡም በ0 ጫማ ከፍታ የተጻፈውን እርሱት፤ የ10 ጫማውን እዩ።

ወንድሜ በቪዲዮ ሲያየው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጊዛ ነው ፕላስቲክ?» ጊዛ ነው። ከባዱ ብረት ሙቀቱን ወደ ውሃው ስለሚያስተላልፍ ሞተሩ አይግልም። ፍሎቱ ደግሞ በገመድ የሚወዛወዘው ሳይሆን በዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርደው ይሁን አለኝ። ገመድ ያለው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ፓምፑ አይነሳም፣ ወይም አልጠፋ ይልና ይቃጠላል።

ከፓምፑ ሌላ የገዛሁት ይህ ነው፤ የ1½ ኢንች የፒቪሲ ቧንቧ፣ አዲስ ቼክ ቫልቭ፣ ፓምፑ ላይ የሚጠመዘዝ ጥርስ ያለው ፊቲንግ፣ ቴፍሎን፣ ሐምራዊው ፕራይመርና የቧንቧ ኮላ። ሴጌቶ፣ ካቻቢቴና ትራፓኖ ቤት ውስጥ ነበሩ። ሁሉም ተደምሮ 231 ዶላር።

አሁን ወደ ሥራው። ዝናብ የማይጠበቅበት ቀን ምረጡ። እጃችሁን ጉድጓዱ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁለቱንም ስፒናዎች ንቀሉ። ወለሉ ላይ ቀድሞ ውሃ ከተኛ ደግሞ ጨርሶ አትግቡ፤ ውሃውና ኤሌክትሪኩ ተገናኝተው ይሆናል። ብሬከሩ ጋ እግራችሁ ሳይረጥብ መድረስ ካልቻላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የድሮው ቼክ ቫልቭ ከላይና ከታች በጎማ የተያያዘ ከሆነ፣ ጎማውን የሚያስረውን ብረት፣ ጋራዦች ፋሸታ የሚሉትን፣ በካቻቢቴ አላሉት። ከሥሩ ባልዲ ያዙ። ከቫልቩ በላይ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ በሙሉ ነው የሚመጣው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ፊቴን ታጠብኩበት። በኮላ የተጣበቀ ከሆነ በሴጌቶ ቁረጡት። ፓምፑን በእጀታው አንስታችሁ አውጡት። በገመዱ አትጎትቱ።

ጉድጓዱን አጽዱ። እኔ ግማሽ ባልዲ ጭቃና ጠጠር፣ አንድ ብይና አንድ የሻይ ማንኪያ አወጣሁ። ብዩ የልጄ ነው፤ ማንኪያው እንዴት እንደገባ እስካሁን አልገባኝም። አዲሱን ፓምፕ ጭቃው ላይ አታስቀምጡት። ጠፍጣፋ ጡብ ከሥሩ አድርጉለትና በውሃ ልክ አስተካክሉት። ፍሎቱን በእጃችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ ግድግዳም ገመድም ሳይነካው መሄድ አለበት።

ፊቲንጉን ቴፍሎን ጠምጥማችሁ ፓምፑ ላይ በእጅ አጥብቁት። ቧንቧውን ቆርጣችሁ መጀመሪያ ያለ ኮላ ሞክሩ፣ ርዝመቱ ከገጠመ በኋላ ቀቡ። ፕራይመር ቀድሞ፣ ኮላ ቀጥሎ፣ ከዚያ ገፍቶ ሩብ ዙር ማዞርና 30 ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት። ኮላው ፈጣን ነው፤ ሐሳብ የሚቀይር ሰው አይወድም። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ቼክ ቫልቩን ግን በጎማና በፋሸታ አያይዙት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀይሩ መጋዝ አያስፈልጋችሁም። ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ ይጠቁም። ገልብጦ የገጠመ ሰው አውቃለሁ።

የእኔ ጥፋት የመጣው እዚህ ላይ ነው። የመመሪያው ወረቀት ቧንቧው ላይ፣ ከፓምፑ በላይና ከቼክ ቫልቩ በታች፣ 3/16 ኢንች የምታህል ቀዳዳ ብሱ ይላል። አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። አዲስ ቧንቧ ገዝቼ ልብሳው? ዘለልኩት። ሞከርኩት፣ በደንብ ሠራ። ተደስቼ ፍሎቱን በእጄ ከፍ አድርጌ ጉድጓዱ እስኪደርቅ አስገፋሁት። ማታ ዝናብ ጣለ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያ ማቃሰት እንደገና ተጀመረ። አዲሱ ፓምፕ ይዞራል፣ ውሃ የለም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱ ጋ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሁለት ደቂቃ አዳመጠና «አየር ይዞታል» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ሲደርቅ አየር ሳበ። ከቼክ ቫልቩ በላይ ደግሞ የውሃ ዓምድ ቆሟል፣ ክብደቱ ቫልቩን ዘግቶታል። አየሩ መሐል ላይ ታሰረ። ፓምፕ አየር መግፋት አይችልም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ያቺ ትንሽ ቀዳዳ አየሩ የሚያመልጥባት በር ናት። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለች። ስፒናውን ነቅዬ፣ ትራፓኖውን ይዤ ተንበረከኩ። ቀዳዳዋን ከጉድጓዱ አፍ በታች፣ የሚረጨው ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ አዘንብዬ በሳሁ። ስፒናውን ስሰካ አየሩ ፉጨት አሰምቶ ወጣ፣ ውሃው ተከተለ። ፓምፑ በሠራ ቁጥር ከቀዳዳዋ ትንሽ ውሃ ይረጫል። የሚያፈስ መስሏችሁ እንዳትደፍኗት።

የውጭውን ቧንቧ ሰው ይረሳዋል። ውሃው ከመሠረቱ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ፣ ወደ ታች በሚወርድ መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። ግድግዳው ሥር ካፈሰሳችሁት ዞሮ ይመጣል፤ ያንኑ ውሃ ቀኑን ሙሉ ትገፋላችሁ። ወደ ጎረቤት ግቢም፣ ወደ ሽንት ቤት ፍሳሽ መስመርም አታገናኙት። የኋለኛው በእኛ አካባቢ ክልክል ነው። ስፒናውን ደግሞ በኤክስቴንሽን አትሰኩ።

የቀረው መብራት ነው። ፓምፑ በጣም የሚያስፈልገው ዝናብና ንፋስ ባለበት ሰዓት ነው፤ መብራት የሚሄደውም ያኔ ነው። በ2012 ጁን 29 የመጣው አውሎ ነፋስ ይህን አካባቢ ለቀናት ጨለማ ውስጥ ጥሎት ነበር። እኔ ከዋናው ጎን በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩ፤ ፍሎቱ ከዋናው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው፣ ዋናው ካልተነሳ ብቻ ይነሳል። ከመኪና ባትሪ ይልቅ ደጋግሞ ባዶ መሆን የሚችለውን፣ ለጀልባ የሚሸጠውን ዓይነት ግዙ። የቤት ኢንሹራንሳችሁንም አንብቡ። መደበኛው ውል ሳምፕ ፓምፕ ተበላሽቶ የገባን ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ተጨማሪ ክፍያ ያለው ሽፋን ለብቻው ይጠየቃል።

ሙከራውን እንዳልረሳ ቀን ሰጠሁት። ሰኔ 12፣ የነጎድጓዱ ዝናብ ሳይብስ፣ ባልዲ ውሃ አፈስሳለሁ። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ ጉድጓዱን አጸዳለሁ፣ የውጭውን ቧንቧ ከበረዶው በፊት አያለሁ።

የድሮው ፓምፕ ጋራዥ ውስጥ አለ። ልጥለው ስል ወንድሜ «እንዳትነኪው፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ መዘውር አሠራለታለሁ» አለኝ። ለፋሲካ ስሄድ ላመጣለት ነው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው አልኩት።

«ልብሱን ቀንሺ» አለ።