ጎንደር ላይ አለት መውጣት እንዴት ይጀመራል? ከመውጣቱ በፊት መያዙን ተማሩ

ጎንደር ውስጥ ገደል ለሚፈልግ ሰው ገደል ሞልቷል። የሚጠፋው ገመድ የሚይዝ ሰው ነው። ስለ አለት መውጣት ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ከላይ በጣቱ የተንጠለጠለውን ጎረምሳ ነው። ከታች አንገቱን አቅንቶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ገመዱን የሚይዘውን ግን ማንም አያስብም። የጀማሪ ሕይወት ያለው በዚያ ሰው እጅ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ስፖርቱ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ጨዋታ ነው። በቴሌቪዥን ያያችሁት ባለ 15 ሜትሩ የፍጥነት ሩጫ ለማየት ደስ ይላል፣ ለመጀመር ግን አይሆንም። ለእናንተ የሚሆኑት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ቦልደሪንግ ነው፦ ያለ ገመድ፣ ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ፣ ከሥር ፍራሽ አንጥፎ። ሁለተኛው ቶፕ ሮፕ ይባላል፤ ገመዱ ከላይ በተሠራ ማሰሪያ ውስጥ አልፎ ይመጣና አንዱ ጫፍ የሚወጣው ሰው ወገብ ላይ፣ ሌላው ከታች በሚይዘው ሰው እጅ ይሆናል። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው በአንዱ ጠፍር እየተሳበ ሲወጣ፣ ሌላ ጠፍር ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ ይያዝለታል። እጁ ቢከዳው ሁለተኛው ጠፍር አለ። እናንተም የምታደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ያዡ ከታች መቆሙ ነው።

ዕቃ

ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታጠቅ ቀበቶ)፣ ሄልሜት፣ ገመድ፣ የገመድ መያዣ መሣሪያ፣ የሚቆለፉ ካራቢነሮች (ተከፍተው የሚዘጉ የብረት ቀለበቶች) እና ለማሰሪያ የሚሆኑ ስሊንጎች (ቀለበት ሆነው የተሰፉ ጠንካራ ጠፍሮች) ያስፈልጋሉ። ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሶሉ ያላለቀ ሸራ ጫማ ይበቃል። የአለት ጫማ ስትገዙም ጣት የሚያጥፍ ጠባብ ካልሆነ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ለጀማሪ ትርፉ ጥፍር መንቀል ነው። ለላብ የሚቀባው ነጭ ዱቄት ማግኒዝየም ካርቦኔት ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭቶ መቀባት ቦታውን አይተካም። ለነገሩ መጀመሪያ ላይ ዱቄቱም ቅንጦት ነው።

ገመድ ላይ ግን ክርክር የለም። ገበያ ላይ ለጭነት መኪና የሚሸጠው የናይለን ገመድ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን አይሆንም። የአለት ገመድ ሲወድቁበት ይለጠጣል፤ የመውደቁን ኃይል የሚውጠው ያ መለጠጥ ነው። የማይለጠጥ ገመድ ሳይበጠስ ወገባችሁን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ላይ ኢኤን 892 (EN 892) ወይም ዩአይኤኤ (UIAA) የሚል የደረጃ ምልክት ፈልጉ። ውፍረቱ ከ9.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሜትር ቢሆን ለብዙ ነገር ይበቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከልብስና ከስልክ ይልቅ ይህን ለምኑት። ያገለገለ ሃርነስና ገመድ ታሪኩን ከማታውቁት ሰው በነጻም ቢሆን አትቀበሉ። በባጃጅ ወይም በመኪና ስትጭኑም ከባትሪ አርቁት፤ የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላል፣ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል።

የሞተር ሄልሜት ቀና ብሎ ለማየት አይመችም። የግንባታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአገጭ ማሰሪያ ስለሌለው፣ ስትወድቁ ቀድሟችሁ ይወርዳል።

አለቱን መምረጥ

አስቀድሞ የማይወጣበትን እንጨርስ። የፋሲል ግቢ ግንብ፣ የመዋኛው ቅጥር፣ የቁስቋም ፍርስራሽ፣ የማንኛውም ቤተ ክርስቲያን አጥር አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በኖራ የተያያዘ የ17ኛው መቶ ዘመን ግንብ የጣት መለማመጃ አይደለም። ለጥምቀት ወጣቱ ቅጥሩ ላይ ተሰቅሎ ውኃው ውስጥ ሲዘል ስላያችሁ የተፈቀደ እንዳይመስላችሁ።

የጎንደር ዙሪያም ሆነ የሰሜን ተራሮች አለት በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥሩ ሲሆን ስንጥቁ ለእጅና ለእግር የተሠራ ይመስላል። መጥፎ ሲሆን ግን ፀሐይና ዝናብ የበላው ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይወድቃል። ስለዚህ የምትይዙትን ሁሉ በመዳፍ መታ መታ አድርጉ። ጥብቅ የሆነው ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከነቀነቀ አትሳቡት። መንካት ግድ ከሆነም ወደ ታች ተጫኑት እንጂ ወደ ራሳችሁ አትጎትቱ። ከክረምት በኋላ ጥቅምት ላይ ስትመለሱ አምና የምታውቁት መያዣ ዘንድሮም እዚያው ይጠብቀኛል አትበሉ፤ ውኃው ከኋላው ያለውን አፈር አጥቦት ይሆናል። በዝናብ ቀን ደግሞ ቤታችሁ ተቀመጡ።

ሌላው ጉዳይ ሰው ነው። ገመድና ብረት ታጥቀው ገደል አፋፍ ላይ የሚንጠለጠሉ የማይታወቁ ወጣቶች የአካባቢውን ገበሬ ያስጨንቃሉ፤ ቢጨነቅም እውነት አለው። ለቀበሌው አሳውቁ፤ በአካባቢው ላሉ ሽማግሌ «አባባ፣ እዚህ ስፖርት ልንሠራ ነው» ብላችሁ ንገሩ። የትኛው ገደል ላይ ንብ እንዳለ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ደግሞ ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ ገመድ አትዘርጉ፤ ገደሉ የዋልያና የጭላዳ መኖሪያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ያለ ገመድ

ከቁመታችሁ ብዙ የማይበልጥ፣ ሥሩ ሜዳ የሆነ ድንጋይ ፈልጉና ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ። መጀመሪያ መውደቅን ተለማመዱ፦ በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ወደ ጀርባ መንከባለል። እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬት መደገፍ አንጓ ይሰብራል፣ በደመ ነፍስ የምናደርገው ደግሞ እሱኑ ነው።

አወጣጥ ለመማር እረኛ ልጅ ተመልከቱ። ባዶ እግሩን ነው። የእግሩን አውራ ጣት ትንሽ እርከን ላይ ያሳርፍና፣ ተረከዙን ዝቅ አድርጎ፣ ክብደቱን እስኪያምነው ድረስ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ በእግሩ ተገፍቶ ይነሳል፤ እጁ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ድንጋዩን ነካ ያደርጋል። ጂም የሚሠራ የከተማ ልጅ ግን ክንዱን አጥፎ ራሱን ሽቅብ ይጎትትና ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ደንድኖ ይወርዳል። ክንድ ቀጥ ይበል፣ ዳሌ ወደ አለቱ ይጠጋ፣ ዓይን ከእጅ መያዣ በፊት የእግር መርገጫ ይፈልግ። የጣት ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር በትንንሽ መያዣ ላይ በጣት መንጠልጠልን ለጊዜው ተዉት።

ገመድ መያዝ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። በብዛት የሚገኘው መያዣ መሣሪያ ቱቦ ቅርጽ ያለው ነው። ገመዱ ታጥፎ በቱቦው ይገባና፣ እጥፋቱ በሚቆለፈው ካራቢነር ተይዞ ሃርነሱ ፊት ለፊት ካለው ጠንካራ ቀለበት ጋር ይያያዛል። ከመሣሪያው የሚወጡት የገመድ ክፍሎች ሁለት ናቸው፦ ወደሚወጣው ሰው የሚሄደው እና የፍሬኑ ገመድ። የፍሬኑን የሚይዘው እጅ የፍሬን እጅ ነው፤ ቀኝ ሊሆን ይችላል፣ ግራም።

የፍሬን እጅ ከገመዱ ላይ ፈጽሞ አይለቅም። ንብ ቢነድፋችሁም፣ ስልክ ቢጠራም አይለቅም። ምክንያቱን ካወቃችሁት ትእዛዙ ይቀላል፦ መሣሪያው የሚይዘው ገመዱ በሹል ሲታጠፍ ነው። የፍሬኑ ገመድ ወደ ታች፣ ወደ ዳሌ ሲወርድ ይታጠፋል፣ ይነክሳል። ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ወደ ላይ ከቆሙ ግን ገመዱ ያለ ምንም ነገር ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ የሰው ክብደት በባዶ እጅ ለመያዝ የሚሞክር መዳፉ ይላጣል፣ ሰውየውም መሬት ይመታል።

እንቅስቃሴው እንዲህ ነው። ሰውየው ሲወጣ ገመዱ ይላላል። በሌላው እጃችሁ የሱን ገመድ ወደ ታች እየሳባችሁ፣ በዚያው ቅጽበት በፍሬን እጅ የወጣውን ትርፍ ሳቡ። ወዲያው የፍሬን እጅን ወደ ዳሌ አውርዱ። ሌላውን እጅ አምጥታችሁ ከፍሬን እጅ በታች ገመዱን ጨብጡ። አሁን የፍሬን እጅ ሳይከፈት፣ ገመዱን ቀለበት እንዳደረገ፣ ወደ መሣሪያው ተጠግቶ ይንሸራተት። ሌላው እጅ ወደ ቦታው ይመለስ። ደግሞ እንደገና። ጀማሪ የሚሳሳተው የፍሬን እጅ የሚንሸራተትበት ላይ ነው፤ ቸኩሎ እጁን ከፍቶ ሌላ ቦታ ይጨብጣል። በየመካከሉ ያለችው ያቺ የተከፈተች እጅ ነች ሰው የምትጥለው።

ይህን ሜዳ ላይ ሥሩት። አንዱ ገመዱን ታጥቆ ወደ እናንተ ይራመድ፣ እናንተ ትርፉን ሳቡ፤ ሳይነግራችሁ ድንገት ወደ ኋላ ይጣል። ሳትደነግጡ እጃችሁ ዳሌያችሁ ጋ ካልተገኘ ገና ነው። አለት ላይ ስትጀምሩም ሦስተኛ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬኑን ገመድ አላላ አድርጎ ይያዝ። ራሱ የሚነክሰው ግሪግሪ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን እጅ መልቀቅን የሚያስተምር ሰነፍ አስተማሪም ነው። በቱቦው ጀምራችሁ ወደ እሱ እለፉ።

ያዡ ከአለቱ አጠገብ ይቁም። ርቆ ከቆመ ሲወድቁ እየተጎተተ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል።

ማሰሪያውና ቋጠሮው

የላዩን ማሰሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ይሥራላችሁ። ይህን ከጽሑፍ መማር አልመክርም፣ ከእኔም ጭምር። ሲሠራ ግን ምን ማየት እንዳለባችሁ እወቁ፦ ሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች፣ አንዱ ቢነቀል ሌላው ብቻውን የሚችል፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከ60 ዲግሪ ያልበለጠ። 120 ሲደርስ እያንዳንዱ ማሰሪያ ጭነቱን በሙሉ ይሸከማል፣ መካፈሉ ቀረ ማለት ነው። ዛፍ ከሆነ ሕያው፣ ወፍራም፣ ሥሩ ያልተጋለጠ ወይራ ወይም ጥድ ይሁን። ቁልቋል ግንዱ ልል ነው፣ ወተቱም ዓይን ያጠፋል። ገመዱ ስለታም ጠርዝ አይንካ።

የሚወጣው ሰው የሚታሰረው በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ነው፤ ገመዱ የሃርነሱን የላይና የታች መያዣ ሁለቱንም አልፎ የመጀመሪያውን ስምንት ተከትሎ ይመለሳል። ጭራው ከአንድ ስንዝር አይነስ። የገመዱን ሌላ ጫፍም ቋጥሩት። ስታወርዱ ገመዱ ካጠረ ጫፉ በመሣሪያው ሾልኮ ያልፍና ሰውየው ይወድቃል፤ በየአገሩ የሚደጋገም አደጋ ነው፣ የሚያስቀረውም አንድ ቋጠሮ ነው። በ60 ሜትር ገመድ ከ30 ሜትር ያነሰ አለት ብቻ እንደሚወጣም አትርሱ።

መውጣትና መውረድ

በየጊዜው፣ ለመቶኛ ጊዜም ቢሆን፣ አንዱ የሌላውን ይፈትሽ፦ ሃርነሱ ከዳሌ አጥንት በላይ ጠብቋል? ቋጠሮው ተመልሷል? ካራቢነሩ ተቆልፏል? ገመዱ በትክክለኛው በኩል ገብቷል? በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ንኩት። ከዚያ፦

«ይዘኸኛል?»
«ይዤሃለሁ።»
«ልወጣ ነው።»
«ውጣ።»

መልሱ ካልተሰማ አይወጣም። መንገድ ላይ «ሳብ»፣ «አላላ»፣ «ያዘኝ»፣ «አውርደኝ» ይበቃሉ። ድንጋይ ከተፈነቀለ ማንም ቀና ብሎ ሳያይ «ድንጋይ!» ይጮኻል፣ ከታች ያለው ወደ አለቱ ይለጠፋል።

ሁለት ሜትር ያህል እንደወጣችሁ «ያዘኝ» በሉና ገመዱ ላይ ተቀመጡ። ፍርሃቱን እዚያው ጨርሱት። ላይ ደርሶ ለመውረድ አለቱን አቅፎ መቅረት የተለመደ ነው፤ እጃችሁን ልቀቁ፣ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ድንጋዩን ርገጡ፣ ጀርባችሁን ጣሉ። ያዡ ሁለቱንም እጁን የፍሬኑ ገመድ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያውርድ። ፈጥኖ የሚያወርድ ያዥ ጎበዝ አይደለም።

ከፊት ሆኖ ገመዱን ይዞ መውጣት፣ ሊድ የሚባለው፣ ሌላ ትምህርት ነው፤ ያለ አሠልጣኝ አትግቡበት። ስትጨርሱ ገመዱን ፀሐይ በማይነካው ቦታ አድርቁና እያንዳንዷን ክንድ በጣታችሁ መካከል አሳልፋችሁ ዳስሱት። የሳሳ፣ የተቆለመመ ወይም ደንድኖ የቀረ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ላይ ቁረጡት፤ የተረፈው ለጭነት ይሁን። አምራቾች በአብዛኛው ሳትጠቀሙበትም ቢሆን ከ10 ዓመት በላይ አታቆዩት ይላሉ፣ ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት ከረጢቱ ላይ ጻፉት።